የጆንያው ራስ

ባለፈው ታኅሣሥ ወረታ ደርሼ ከመኪና ስወርድ ከዘመድ ቀድሞ የተቀበለኝ የሩዝ ገለፈት ሽታ ነበር። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ መፈልፈያው አሙቆ የሚተፋው፣ ከአቧራና ከናፍጣ ጋር የተቀየጠ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ ነው። አብረውኝ የወረዱት አፍንጫቸውን በነጠላ ሲይዙ እኔ ሻንጣዬን እየጎተትሁ ሽታውን ተከተልሁት። ያው የድሮው መፈልፈያ በር ላይ አደረሰኝ። ጆንያዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ሆድ ላይ ሦስት ጥቁር ፊደል አለ፤ ከፊደሎቹ በላይ ደግሞ አንዲት ቀይ ነጥብ።

አንዱን ተሸካሚ "ወንድሜ፣ ይቺ ቀይ ነጥብ ምንድን ናት?" አልሁት።

"ራሱ ናት" አለኝ፤ ጆንያውን ትከሻው ላይ እያመቻቸ። "ሲደረግ ያየነው ነው።"

ሳቄ መጣ። ያቺን ነጥብ እዚያ ያስቀመጣት የእኔ ውሸት መሆኑን ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሰውየው አንድ ኩንታል ተሸክሞ ቆሟል፣ ታሪኩም አጭር አይደለም። ተውሁት።

ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። የዚያ ዓመት ሰኔ ዝናቡ ቀድሞ የርብ ወንዝ ሞላና ሰፈራችን ገባ። ፎገራ ላይ ውኃ መግባቱ ብርቅ አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ዘሩ ገና ከጎተራ ሳይወጣ ደረሰበት። የዘር ሩዛችን ጎተራ ውስጥ እንዳለ አብጦ፣ በቅሎ፣ ሸተተ። አባቶቻችን እስከ ሐሙሲት ድረስ ዘር ሲለምኑ ሰነበቱ። እንደምንም ዘግይተን ዘራን፣ እግዚአብሔርም አልጨከነም፣ በኅዳር አጨድን። በታኅሣሥ ሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተሰብስቦ መከረና የከርሞ ዘር ወረታ ይቀመጥ ተባለ። የአያ ሞላ ሩዝ መፈልፈያ መጋዘን ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ውኃ አይደርስበትም።

አያ ሞላ ደግ ሰው ናቸው፣ እሺ አሉ። አንድ ነገር ብቻ አስቸገራቸው። "ስልሳ አንድ አባወራ ጆንያውን አምጥቶ ሊቆልልብኝ ነው። ጆንያው ሁሉ አንድ ዓይነት። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስፈለፍል እውላለሁ። የአንዱን ዘር ከሌላው እህል ጋር ቀላቅዬ ማሽን ውስጥ ብከተው ማን ይመልስልኛል?"

እውነታቸውን ነው። ሩዝ ልብሱን አንዴ ከገፈፉት ይበላል እንጂ አይበቅልም። ዘር ማሽን ገባ ማለት ሞተ ማለት ነው።

በጨርቅ ማሰር ተሞከረ፤ ጨርቁ ይወልቃል። በከሰል መጻፍ ተሞከረ፤ ተሸካሚ ጀርባ ላይ ይቀራል። ስም እንዳይጻፍ ሰፈራችን ውስጥ ደሴ የሚባል ብቻ አምስት ሰው አለ፤ የአባትና የአያት ስም ሲጨመር ደግሞ ጆንያው ደብዳቤ ሊሆን ነው። አያ ሞላ "ከሦስት ፊደል በላይ አልቀበልም" አሉ። ነገሩ ወደ አባባ መጣ።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ በደብራችን መሪጌታ ነበሩ፤ ከሰፈሩ ፊደል የቆጠረ ሁሉ እሳቸው ዘንድ የቆጠረ ነው። ያን ጊዜ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ስለነበር ሰውን በድምፁ፣ ቀለምን በሽታው ነበር የሚለዩት። ሰው በገዛ ዓይኑ ከሚያየው ይልቅ እሳቸው ባያዩም የሚያውቁት ይበልጥ ነበር፤ እኔ ግን ያንን ገና አልተማርሁም።

"ፊደሉን በቆርቆሮ እናስቆርጥ" አሉ አባባ። "ቆርቆሮውን ጆንያው ላይ ጋደም አድርጎ በቀለም መምታት ነው። ሁሉም እኩል ይወጣል።"

እኔና አባባ ወረታ ገበያ ውስጥ ወዳለው ቆርቆሮ ቆራጭ ሄድን። መጀመሪያ መ እንዲቆርጥ አዘዝነው፤ ሲቆርጠው የፊደሉ ሁለት ዓይኖች ቱቅ ቱቅ ብለው ወለቁና የቀረው ክፍት ጉድጓድ ሆነ። አባባ ቆርቆሮውን በጣታቸው ዳሰው ሳቁ። "ዓይን ያለው ፊደል አይሆነንም። ዓይን የሌላቸውን ፈልጊ፤ እንደ እኔ ያሉትን።" ሀ፣ ሐ፣ ሠ እና በ ተመረጡ፤ ሁሉም ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ ያልተዘጉ። ቆራጩ አራቱን ቆርጦ ሲሰጠኝ ሀን እና በን አቀያይሮ አየና "ሁለት ቆርቆሮ ይበቃችሁ ነበር እኮ" አለ። እኔም በልቤ "ምስኪን፣ ፊደል አልቆጠረም፣ ሀን ከበ አይለይም" ብዬ አዘንሁለት። እንዲያውም መንገድ ላይ ለአባባ እየነገርሁ ሳቅሁበት።

አባባ አልሳቁም። ሌላ ነገር እያሰቡ ኖሯል። "የሺ፣ አሁን ሥራው ያንቺ ነው። ፊደል አራት፣ ቤት ስልሳ አንድ። በእነዚህ በአራቱ ስንት ባለ ሦስት ፊደል ምልክት ይወጣል? ካነሰ ሌላ ፊደል እናስቆርጣለን።"

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። ትምህርት ቤት የምንጠየቀው መልሱ አስተማሪው ደብተር ላይ ያለውን ነው፤ ይህንን ግን አባባም አያውቁት፣ አያ ሞላም አያውቁት፣ ወረታ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው የለም መሰለኝ። አውድማው ላይ አራቱን ቆርቆሮ ይዤ ተቀመጥሁ። እየደረደርሁ፣ መሬቱ ላይ በጭራሮ እየጻፍሁ፣ ዶሮ ሲረግጥብኝ ዶሮዋን እየረገምሁ፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆጠርሁ። ሃያ አራት ወጣ። ሦስት ጊዜ ደገምሁት፤ ሃያ አራት። ልቤ ተሰበረ።

"እስቲ አንብቢልኝ" አሉ አባባ። አነበብሁላቸው። ጥቂት ሰምተው "ሀሀሐ የት ሄደ?" አሉኝ።

"እሱማ አይቻልም።"

"ለምን?"

"ሀ ከሀ ጋር? ዘመድ ናቸዋ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባባ ሥራ ፊደል ማስቆጠር ብቻ አልነበረም። ልጁን የሚድር ሁሉ ቀድሞ እሳቸው ዘንድ መጥቶ ሰባት ቤት ያስቆጥራል፤ ወንድየውና ሴቲቱ በሰባት ትውልድ ውስጥ ዝምድና ከተገኘባቸው ጋብቻው ይቀራል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ስንት ሠርግ ሲፈርስ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ፊደል ከራሱ ጋር በአንድ ምልክት ውስጥ ቢገኝ ትልቅ ነውር ይመስለኝ ነበር፤ ማንም ሳይነግረኝ የደነገግሁት ሕግ ነው።

አባባ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። "ልጄ፣ ፊደል ሥጋ የለውም፤ አይጋባም" አሉ። ከዚያ ግን ፊታቸው በራ። "ቆይ፣ ቆይ። አይጋባም እንጂ ይወልዳል። ሀን አባት አድርጊው። ከኋላው ማን ማን ሊከተለው ይችላል?"

"ሐ፣ ሠ፣ በ።"

"ሀ ራሱስ? ልጅ የአባቱን ስም ቢወርስ ምን ነውር አለው?"

"እንግዲያ አራት።"

"አራት ልጆች አሉት በይ። እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ እንደ አባቱ አራት ወለደ። የሀ የልጅ ልጆች ስንት ሆኑ?"

"ዐሥራ ስድስት!"

"ያ የሀ ቤት ብቻ ነው። ስንት አባት አለን?"

ተነስቼ አውድማውን በሩጫ ዞርሁት። አራት አባት፣ ለእያንዳንዱ ዐሥራ ስድስት የልጅ ልጅ፤ ስልሳ አራት! ከሰፈራችን በሦስት ይበልጣል! አንዳቸውንም ሳልጽፍ፣ ጣቴን ሳላጥፍ፣ ሁሉንም አውቄአቸዋለሁ። ይህ ነው ያሳበደኝ፤ ሳይቆጥሩ መቁጠር መቻሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ አላርፍ አልሁ። ፊደሉ አምስት ቢሆንስ? መቶ ሃያ አምስት። ምልክቱ ባለ አራት ፊደል ቢሆንስ? ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ውኃ ስቀዳ፣ ጥጃ ስጠብቅ፣ ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር አባዛለሁ። እናቴ "ይቺን ልጅ ቁጥር ለክፏታል፣ ጠበል ትሂድ" አለች።

የማተሙ ቀን ሰፈሩ በሙሉ መጋዘኑ ደጃፍ ወረደ። ጆንያዎቹ መሬት ላይ ተጋድመዋል፤ እኔ የቀለም ብሩሽና ቆርቆሮ ይዤ በመሃላቸው። ከሥራው በፊት አባባ ለብቻዬ ጠርተው አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም ሰጡኝ። "ሦስቱን ፊደል ከመታሽ በኋላ ከበላያቸው ቀይ ነጥብ አኑሪ። የመጽሐፍ ራስ በቀይ ይጻፋል። ራስ የሌለው ጽሕፈት ከየት እንደሚነበብ አይታወቅም።"

"እሺ አባባ።"

ሦስት አራት ጆንያ ላይ ሞከርሁት። ብሩሽ መቀየር፣ ጥቁሩ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ሰዉ ደግሞ ይጮኻል። አያ ዳምጤ "ሀሀሀ ለእኔ ነው፣ በዕድሜ እኔ እበልጣለሁ" ብለው ካልወሰድሁ ብለዋል። ቀይ ነጥብ ምን ያደርጋል? እንጀራ ሲቆረስ እንደሚማተቡት፣ የቤተ ክህነት ሰው ልማድ ነው አልሁ። ተውሁት። ከዚህም ከዚያም እየዞርሁ፣ አንዱን ከአፉ በኩል ቆሜ፣ ሌላውን ከግርጌው በኩል ቆሜ፣ ቶሎ ቶሎ መታሁት። እነዚያን ሦስት አራት ነጥቦችም፣ የቀሩት ሲያዩ የእኔስ የታለ እንዳይሉኝ፣ በጥቁር ደፈንኋቸው። ምልክቱን እንደየተራው አደልሁ፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ተረፉ።

እትዬ ውዴ ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ያላቸው አንድ ጆንያ ዘር ነው። ሠበበ ደረሳቸው። ፊደል አያውቁም፤ እጃቸውን ይዤ አመድ ላይ ሦስቱን አጻፍኋቸው። ከዚያ ወዲያ ባገኘኋቸው ቁጥር በጣታቸው አየር ላይ ሠበበን ይስሉልኛል። "ስም አወጣሽልኝ" ይሉኛል።

ማምሻው ላይ አባባ ጠየቁኝ። "ነጥቡን አኑረሻል?"

"አኑሬያለሁ አባባ።"

ዓይናቸው አያይም። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው "ተባረኪ" አሉኝ። ያቺ ምርቃት ፋሲካ እስኪያልፍ ድረስ አናቴን ስታሳክከኝ ከረመች።

ከፋሲካ በኋላ በገበያ ቀን አባባን እየመራሁ ወረታ ወረድሁ፤ እትዬ ውዴም "ዘሬን ልየው ብቻ" ብለው አብረውን መጡ። አያ ደሴ የሚባሉ የሰፈራችን ሰው ሌላ ዘር አለኝ ብለው ለልጃቸው ሠርግ ጆንያቸውን ሊያስፈለፍሉ ቀድመውን ደርሰዋል። የእሳቸው ምልክት ሀሀሐ ነው። ተሸካሚው ከክምሩ ውስጥ ሀሀሐን መዝዞ ማሽኑ አጠገብ አቆመው። እትዬ ውዴ ክምሩን ሁለት ጊዜ ዞሩት፤ ሠበበ የለም። ተመልሰው ሲመጡ ተሸካሚው የጆንያውን አፍ የተሰፋበትን ክር ሲቆርጥ አዩ። ክሩ አረንጓዴ ነው።

"ይህ የእኔ ነው" አሉ። "ይህን ክር ከባሌ ኩታ ጥለት መዝዤ በእጄ ሰፍቼዋለሁ።"

አያ ሞላ ጆንያውን አዩ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልሁትን ዝርዝር አዩ። "እትዬ ውዴ፣ ሀሀሐ ይላል፤ ያው ይነበባል። የደሴ ነው። አረንጓዴ ክር እርስዎ ዘንድ ብቻ ነው ያለው?"

"ፊደል ባላውቅ የሰፋሁትን አላውቅም?"

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አያ ደሴ መሬት መሬት አዩ፤ ሌላው ግን "ችግር ሰውን ስንት ያስብለዋል" ሲል ሰማሁ። እትዬ ውዴ ወደ እኔ ዞሩ። "የሺ፣ አንቺ ንገሪያቸው። የኔን ምልክት አንቺ ነሽ የሰጠሽኝ።" ጆንያውን አየሁት። ሀሀሐ። ምን ልበል? የራሴ እጅ ሥራ ነው። አንገቴን ደፋሁ። አያ ሞላ ሞተሩን አስነሱ፤ ተሸካሚው ጆንያውን አቅፎ አነሳና ማሽኑ አፍ ላይ ደፋው።

ጆንያው ሲገለበጥ ፊደሎቹም ተገለበጡ። ሀሀሐ የነበረው፣ ዓይኔ እያየ፣ ሠበበ ሆነ።

"አቁሙት!" ብዬ ጮህሁ፤ ሮጬም የተሸካሚውን ክንድ ያዝሁ። ሞተሩ ጠፋ። ሁለት ቁና ያህል አልፏል፤ በወዲያኛው በኩል ነጭ ሆኖ ወርዷል። የቀረው ጆንያው ውስጥ አለ።

ከዝርዝሩ አጠገብ ተሰቅሎ የከረመውን የሀን ቆርቆሮ አወረድሁና ሰዉ ፊት ገለበጥሁት፤ በ ሆነ። ሐን ገለበጥሁት፤ ሠ ሆነ። ቆርቆሮ ቆራጩ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ፤ ያ ሰው ፊደል ስለማያነብ ነው ያየው፣ እኔ ስለማነብ ነው ያላየሁት። ከዚያ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እትዬ ውዴ ፊቴ እያለቀሱ የእኔ ልብ በደስታ ይዘል ጀመር። ጠመኔ አንስቼ ግድግዳው ላይ ምልክቶቹን ከነግልባጫቸው እጽፋለሁ። ጆንያው ሲዞር ፊደሉ ይገለበጣል፣ መጨረሻ የነበረው መጀመሪያ ይሆናል፤ ሀሀሀ በበበ ይሆናል፣ ሐሠሀ ደግሞ በሐሠ። አንድም ምልክት ተገልብጦ ራሱን አይሆንም፤ መካከል ያለችው ፊደል ሁልጊዜ ትቀየራለችና። እያንዳንዱ አንድ መንታ አለው። ስልሳ አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲቆሙ ሠላሳ ሁለት ብቻ ናቸው! መንታቸው ለማንም ያልታደለው የሦስት ቤት ምልክቶች ብቻ ተረፉ፤ አንዱም ያ የአያ ዳምጤ ሀሀሀ ነው። የቀረው ሰፈር በሙሉ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር በአንድ ምልክት ነው የከረመው።

"ሠላሳ ሁለት!" ብዬ ዞርሁ። ማንም አልሳቀም።

አባባ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። "ነጥቡስ?" አሉ በቀስታ። "ቀይ ነጥብ ያለበት በኩል ራሱ አይደለም? ነጥቡን እያዩ ማንበብ አይቻልም?"

ሰዉ ጆንያዎቹን አየ። ነጥብ የለም። አባባ ዝምታውን ሰሙት።

"የሺ። ነጥቡ የት አለ?"

"አላኖርሁትም አባባ።"

"አኑሬያለሁ ብለሽኝ ነበር።"

"ዋሸሁዎት።"

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። "በታኅሣሥ ስንት ነበር ያልሽኝ?" አሉ።

"ስልሳ አራት።"

"ያለ ነጥቡ አሁን ስንት ሆነ?"

"ሠላሳ ሁለት።"

"እንግዲህ አየሽ" አሉ። "አንዲት ቃል ግማሽ ሰፈር በላች።"

ደስታዬ እዚያው ጠፋ። አለቀስሁ፤ በአገር ሁሉ ፊት፣ ጠመኔ በእጄ እንደያዝሁ። አያ ሞላ እትዬ ውዴ እግር ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ሰው ያዛቸው። "ልጅቷ ባትጮህ ውሸታም ብያቸው ልኖር ነበር" አሉ። አያ ደሴ የራሳቸውን ጆንያ ከክምሩ ግርጌ አገኙትና ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለት ቁና ሙሉ ሰፍረው እትዬ ውዴ ጆንያ ውስጥ ጨመሩ። ነጩን ሩዝ ለሠርጉ ወሰዱት። እትዬ ውዴ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እኔ መጡ። አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ጣታቸውን አንስተው አየር ላይ ሠበበን ጻፉ፤ ከላዩም አንድ ነጥብ ጨመሩበት።

በማግስቱ ስልሳ አንዱም ቤት መጣ። ሴቶቹ የጆንያቸውን ስፌት እየለዩ "ይህ የእኔ፣ ይህ የእኔ" እያሉ አወጡ፤ እኔ ምልክቱ ከየትኛው በኩል እንደሚነበብ አያለሁ። ነጥቡን ግን አባባ "እኔ ነኝ የማኖረው" አሉ። ብሩሹን እሳቸው ያዙ፣ እኔ እጃቸውን ያዝሁ። ከፊደሎቹ በላይ አድርሼ ስለቀው ይጫኑና ይጠይቁኛል።

"ገባ?"

"ገባ።"

"ገባ?"

"ገባ አባባ።"

ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ወረደች። ስልሳኛው ቤት አለፈ። የመጨረሻው የራሳችን ጆንያ ነበር። ሰዉ ተበትኗል፤ ሊወስደን የቆመው ባጃጅ ጥሩምባውን ይነፋል፤ እግሬ ዝሏል። እጃቸውን አደረስሁት። ጫኑት።

"ገባ?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብሩሹ ደርቆ ኖሯል፤ ጆንያው ላይ ምንም የለም።

"አልገባም አባባ።"

ፈገግ አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ብሩሹን ወደ ቀለሙ ዘረጉ።

"እንግዲያ እንድገመው" አሉ።